እማን መርፌ ያስተማረቻት የምትንቀጠቀጥ እጅ

እማ ስኳር እንዳለባት ካወቅን ብዙ ዓመት ሆኖናል፣ ኪኒኑ አልበቃ ብሎ ኢንሱሊን የጀመረችው ግን አምና ክረምት ላይ ነው። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የጦሳ ተራራ ጭጋጉን እንደ ጋቢ ተከናንቦ ቀኑን ሙሉ ሳይገልጠው ይውላል። ከዛ ክረምት ግን ብርዱ አይደለም ትዝ የሚለኝ፣ እማ ጠዋት ጠዋት መደቡ ላይ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ፣ ሲሪንጁን እንደ እስክሪብቶ ይዛ፣ ሆዷን ትኩር ብላ እያየች የምትቀመጠው ነገር ነው። 20 ደቂቃ፣ አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት። ቁርሷ ይቀዘቅዛል፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ በመጨረሻ "በቃ ጥሪልኝ" ትላለች። እኔ ወጥቼ ጎረቤታችንን እጠራለሁ፣ ጡረታ የወጡ ድሬሰር ናቸው፣ ይገቡና በአምስት ሰከንድ ወግተዋት "ቁንጫ እንኳን ከዚህ የበለጠ ትነክሳለች እኮ" ብለው ይወጣሉ። ማታም እንደዛው።

እማ ፈሪ ሴት አይደለችም። ይሄን ቀድሜ ልበል፣ ምክንያቱም ታሪኩን ስነግራቸው ብዙ ሰዎች ቶሎ ብለው "አይ የድሮ ሰው፣ መርፌ ይፈራሉ" ይሉኛል። አምስት ልጅ ቤቷ ውስጥ የወለደች፣ ሰኞ ገበያ በርበሬ ነግዳ ያሳደገችን ሴት ናት። ሰው ሲወጋትም ምንም አትልም፣ ፊቷን እንኳን አታጨማድድም። ያቃታት ራሷን በራሷ እጅ መውጋት ነው። "እኔ እሺ እላለሁ፣ እጄ እምቢ ይለኛል" ነበር የምትለው።

እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሳይኮሎጂ ነው የተማርኩት፣ አሁን የምሰራው ኮምቦልቻ ሌላ ስራ ቢሆንም። ስለዚ ምን አደረግኩ? አወራሁ። ዓይንሽ ይጠፋል፣ ኩላሊትሽ ይጎዳል፣ እግርሽ ቢቆስል አይድንም፣ የልጅ ልጆችሽን ማየት አትፈልጊም ወይ፣ ምናምን። እሷ ሁሉንም ከኔ በላይ ታውቀዋለች፣ እህቷን በስኳር ነው የቀበረችው። እኔ ባወራሁ ቁጥር እጇ ይበልጥ ይደርቃል። የተቆጣኋት ቀን አለ፣ ዛሬም ሳስታውሰው ሆዴን ይበላኛል።

ነገሩ የፈነዳው ጎረቤታችን ልጃቸውን ሊጠይቁ ባቲ ወርደው አራት ቀን የቆዩ ጊዜ ነው። እኔ በስራ ምክንያት ኮምቦልቻ አድር ነበር፣ እማ ደግሞ "እየተወጋሁ ነው፣ አታስቢ" ትለኛለች በስልክ። አንዷንም ቀን አልተወጋችም። አፏ ደርቆ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሽንት ቤት ስትመላለስ አድራ፣ ሀኪም ቤት ስንወስዳት ስኳሯ 400 አልፏል።

እዛ ነርሷ ብርቱካን ላይ አሳየቻት። ብልቃጡን በመዳፍሽ መሃል አሽከርክሪው፣ አየር ሳቢ፣ አየሩን ብልቃጡ ውስጥ ልቀቂ፣ ገልብጪ፣ መድኃኒቱን ሳቢ፣ አረፋውን በጣትሽ መታ መታ አድርጊ፣ ቆዳሽን ቆንጥጪ፣ ውጊ፣ እስከ 10 ቁጠሪ፣ አውጪ። እጇ ይበራል። እኔ እንኳን ግማሹን አልያዝኩትም። እማ በአክብሮት አንገቷን ትነቀንቃለች፣ እንደወጣን ግን "እሷማ ልጅ ናት፣ እጇ የለመደ ነው፣ ብርቱካንም አያመው" አለችኝ። ነርሷ መጥፎ ሆና አይደለም፣ ውጪ ሰልፉ እስከ በር ነበር።

እዚህ ጋ ትንሽ ወደ ትምህርቱ ልግባ፣ ምክንያቱም ያኔ ትዝ ሊለኝ ሲገባ ትዝ ያላለኝ ነገር ስለሆነ አሁንም ይቆጨኛል።

አልበርት ባንዱራ የሚባል ሰው አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ካናዳ ውስጥ ማንዴር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወልዶ፣ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ዕድሜውን ሙሉ ሲያስተምር ኖሮ በ2021 ያረፈ ሰው ነው። እሱ ሲነሳ ሁሉም የሚያወራው ስለ አሻንጉሊቷ ነው፣ በ1961 ህፃናት አንድ ትልቅ ሰው በአየር የተሞላች አሻንጉሊት ሲደበድብ አይተው እነሱም ያንኑ እንዳደረጉ ያሳየበት ሙከራ። የኛ ሰው ይሄን ድሮም ያውቀዋል፣ "ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች" የሚባለው እኮ ሌላ አይደለም። እኔም ቡና ማፍላት ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፣ እማ ስትቆላ እያየሁ አደግኩ፣ አንድ ቀን እንግዳ ሲመጣ እሷ አልነበረችምና ረከቦቱን አቀረብኩ፣ እጄ መንገዱን ያውቀው ነበር።

ግን የባንዱራ ስራ ክፉ ነገር እንዴት በዓይን እንደሚገባ በማሳየት አላበቃም፣ ፍርሃት በዓይን በኩል ሊወጣ እንደሚችልም አሳይቷል። በ1967 ከባልደረቦቹ ጋር ውሻ የሚፈሩ ትንንሽ ልጆችን ይዞ፣ እኩያቸው የሆነ ውሻ የማይፈራ ልጅ በአራት ቀን ውስጥ ስምንት አጫጭር ጊዜ እየቀረበ እየቀረበ ከውሻው ጋር ሲጫወት እንዲያዩ አደረገ። ማንም ልጆቹን "አትፍሩ" ብሎ አልሰበካቸውም። ማየት ብቻ። ከነሱ መሃል ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት ኋላ ላይ ከውሻው ጋር አንድ አጥር ውስጥ ብቻቸውን መቆየት ቻሉ። ተመልክቶ መማር አራት ነገር ይፈልጋል ይላል ባንዱራ፣ ልብ ብሎ ማየት፣ ያዩትን በአእምሮ መያዝ፣ ሰውነት ሊሰራው መቻሉ እና መስራት መፈለግ። ፈተና ላይ ይቺን በቅደም ተከተል ጽፌያታለሁ። እናቴ መርፌውን ይዛ ስትደርቅ ግን ከአራቱ የቱ እንደጎደለ አንድም ቀን አልጠየቅኩም።

የጠየቀው ሌላ ሰው ነው። እዛው ሀኪም ቤት ማክሰኞ ማክሰኞ የስኳር ታካሚዎችን ሰብስቦ የሚያወያይ አንድ ወጣት የአእምሮ ጤና ባለሙያ አለ፣ ነርሷ ናት ወደሱ የላከችን። ገና ቁጭ እንዳልን እኔ ማስረዳት ስጀምር በእጁ ምልክት አድርጎ አስቆመኝና ወደ እማ ዞረ።

"እናቴ፣ ሲወጋ ያዩት ሰው ማን ነው?"

"ነርሷን አይቻለሁ። ጎረቤቴም ይወጉኛል።"

"እነሱ ስኳር አለባቸው?"

"ኧረ የለባቸውም።"

"እንግዲያ ራሱን የሚወጋ ሰው አይተው አያውቁም ማለት ነው።"

እማ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። እውነቱን ነው፣ አይታ አታውቅም። 60 ዓመት ስትኖር ሰው የገዛ ሆዱን ቆንጥጦ ብረት ሲሰካበት አንድም ቀን አይታ አታውቅም፣ ከየት ታምጣው? እኛ ደግሞ "ቀላል ነው" እንላታለን።

በሚቀጥለው ማክሰኞ አንዲት የኩታበር ሴት አጠገቧ አስቀመጠ። በዕድሜ እኩያዋ ናቸው፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ እጃቸው የእርሻ እጅ፣ ኢንሱሊናቸውን በትንሽ ፔርሙዝ ይዘው የመጡ። ቤታቸው ፍሪጅ የለም፣ ትልቅ ሸክላ ውስጥ እርጥብ አሸዋ አድርገው፣ አሸዋው መሃል ትንሽ ገንቦ ቀብረው እዛ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። ከእማ ጋር ገና ስለ ሸክላው ሲያወሩ ተግባቡ።

ከዛ ሴትዮዋ መርፌያቸውን አወጡ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ትንሽ አይደለም፣ ሲሪንጁ ብልቃጡን ስቶ ጎኑን እስኪነካ። እኔ ደነገጥኩ፣ ይሄ ልጅ ምን ነክቶት ነው እሳቸውን የመረጠው፣ እማ እንዲህ አይታ ጭራሽ ትተወዋለች ብዬ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ልጄ ነበር የሚወጋኝ፣ ወላሂ፣" አሉ። "ልጄ ለስራ ሲሄድ አልቅሻለሁ፣ ለሱ ይመስለዋል፣ ለመርፌው ነው እንጂ። ዛሬም እፈራለሁ። ኸኔ ወዲያ ፈሪ የለም።" ሆዳቸውን ከእምብርታቸው ራቅ አድርገው ቆነጠጡ። "ይኸው አሁን ልቤ ይመታል። ትንሽ እተነፍሳለሁ። ተመልሶ ቢመጣም እተነፍሳለሁ።" ተነፈሱ። መርፌውን አስጠጉ፣ መለሱት፣ እንደገና አስጠጉ። "እታለም እይኝ፣ እጄን እይው። ይንቀጠቀጣል አይደል? ይንቀጥቀጥ። ቢስሚላህ።" ገባ። ቀስ ብለው ገፉት፣ አንድ፣ ሁለት እያሉ ጮክ ብለው ቆጠሩ። "ኸገባ ወዲያ ምንም የለውም። መንገዱ ነው የሚከብደው።"

እማን አየኋት። ነርሷ ብርቱካኑን ስትወጋ በአክብሮት የምትነቀንቀው አንገቷ አሁን ቀጥ ብሎ ወደፊት ወጥቷል፣ አፏ ትንሽ ተከፍቷል፣ የሴትዮዋን ጣቶች አንድ በአንድ ትከተላለች። በልጅነቴ ሸማኔ ስታይ እንዲህ ነበር የምታይ። ዓይኗን አልጨፈነችም፣ አንዴም።

ያን ማታ የድሮ ደብተሬን ከሳጥን አውጥቼ ሳገላብጥ አደርኩ። አለ፣ ተጽፏል፣ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። ዶናልድ ማይከንባም የሚባል ተመራማሪ በ1971 እባብ የሚፈሩ ሰዎችን ሁለት ዓይነት ምሳሌ አሳያቸው። አንደኛው ገና ከመጀመሪያው ምንም የማይፈራ፣ ዝም ብሎ እባቡን የሚያነሳ። ሁለተኛው መጀመሪያ የሚፈራ፣ የሚያመነታ፣ ፍርሃቱን አውጥቶ የሚናገር፣ ራሱን እያባበለ ደረጃ በደረጃ የሚወጣው። ተመልካቾቹን ይበልጥ የረዳቸው ሁለተኛው ነው። በ1975 ደግሞ ኦፕራሲዮን ሊደረጉ ሀኪም ቤት የገቡ ልጆች፣ እንደነሱው ኦፕራሲዮን የሚደረግ የሰባት ዓመት ልጅ ፍራቻውን ሳይደብቅ እየተናገረ ሲያልፈው በፊልም እንዲያዩ ተደርጎ፣ ካላዩት ልጆች ጋር ሲነፃፀሩ ጭንቀታቸው ቀንሶ ተገኝቷል።

ለኔ የዚህ ጽሑፍ ነገር ሁሉ እዚች ላይ ነው ያለው። የማይፈራ ሰው ለሚፈራ ሰው ጎበዝ መሆኑን ያሳየዋል እንጂ መንገዱን አያሳየውም። ጎረቤታችን 30 ዓመት ሰው ሲወጉ የኖሩ ናቸው፣ እማ እሳቸውን እያየች የተማረችው "እኔ እንደሳቸው አይደለሁም" የሚለውን ብቻ ነው። የኩታበሯ እናት ግን እማ ውስጥ ያለውን መንቀጥቀጥ ውጪ አውጥተው፣ እዛው ፊቷ ላይ እየተንቀጠቀጡ ጨረሱት። ባንዱራ በ1977 "እችለዋለሁ" የሚለው እምነት ከየት እንደሚመጣ ሲጽፍ ራስ ሰርቶ ማየትን አንደኛ አድርጎ፣ የሚመስሉንን ሰዎች ሲያደርጉት ማየትን ቀጥሎ ነው ያስቀመጠው፣ የኔ ዓይነቱ ወሬና ምክር ከሁለቱም በታች ነው። የሚመስሉን፣ ይቺን ቃል አስምሩባት። በዕድሜ፣ በኑሮ፣ በፍርሃት።

ማየት ብቻውን ግን አልበቃም። እማ ያን ቀን አልተወጋችም፣ ባለሙያውም አልጠየቃትም። ያደረገው ሌላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ባዶ ሲሪንጅ ሰጥቷት ውሃ መሳብና መልቀቅ ብቻ፣ ሴትዮዋ አጠገቧ እያደረጉ እሷም እኩል እያደረገች። ቀጥሎ ብርቱካን፣ አሁን ግን እማ በራሷ እጅ። ሦስተኛው ላይ ሴትዮዋ እጃቸውን ከእማ እጅ በላይ አድርገው አብረው ወጉ። አራተኛው ላይ የእማ እጅ ብቻ፣ የሴትዮዋ ጣት ክርኗን ነካ አድርጋ። ይሄም የራሱ ታሪክ አለው፣ ባንዱራና ባልደረቦቹ በ1969 እባብ የሚፈሩ አዋቂዎችን በተለያየ መንገድ ሞክረው ከሁሉም በላይ የሰራው ይሄ አብሮ እየያዙ ማስደረግ ነው፣ በዛ መንገድ ከታከሙት ውስጥ 92 በመቶው ፍርሃቱ ለቋቸዋል።

በአራተኛው ማክሰኞ እማ ሁሉንም እንዳየችው አደረገች፣ ብልቃጡን በመዳፏ መሃል አሽከረከረች፣ ቆነጠጠች፣ አስጠጋች፣ መለሰች፣ እንደገና አስጠጋች፣ "ልቤ ይመታል" አለች ጮክ ብላ፣ ተነፈሰች። አንድ ነገር ብቻ ቀየረች። "በስመ አብ" ብላ ነው የወጋችው። የኩታበሯ እናት እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አለቀሱ።

ስለራሴ የተረዳሁትን ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ግን ውሸት ይሆንብኛል። እማ በጎረቤታችን ስትወጋ እኔ ሁልጊዜ ፊቴን አዞር ነበር። ሳላስበው፣ መርፌው ሲቀርብ ወደ መስኮቱ። አንድ ማክሰኞ ባለሙያው "እርስዎ መርፌው ሲገባ የት ነው የሚያዩት?" ሲላት እማ ምን አለችው፣ "የልጄን ፊት።" አንድ ነገር ሆንኩ። በ1984 ሱዛን ሚኔካና ባልደረቦቿ ጦጣዎች ላይ ያደረጉት ጥናት አለ፣ እዛው ቤተ ሙከራ ውስጥ የተወለዱ እባብ የማይፈሩ ጦጣዎች፣ ጫካ ያደጉ ጦጣዎች እባብ አይተው ሲደነብሩ ስላዩ ብቻ እነሱም እባብ መፍራት ጀመሩ። እባቡ አልነካቸውም። እማን ሦስት ወር ሙሉ በቀን ሁለቴ "ይሄ አስፈሪ ነው" እያልኩ ሳስተምራት የነበርኩት እኔ ነኝ፣ አፌ "ቀላል ነው" እያለ፣ ፊቴ ግን ወደ መስኮቱ።

ሌላም መባል ያለበት አለ። ሰው የሚያየውን መርጦ አይወስድም፣ ከነእንክርዳዱ ነው የሚወስደው። ከሁለት ወር በኋላ የእማ ስኳር መውጣት መውረድ ጀመረ፣ ነርሷ ሆዷን ስትዳብስ በግራ በኩል አንድ እብጠት አገኘች፣ ጠጠር ያለች፣ የባቄላ ያህል። ለካ የኩታበሯ እናት ሁሌ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚወጉት፣ "የለመደ ቦታ አያምም" ብለው፣ መርፌውንም እስኪደንዝ ይደጋግሙታል። እማ ትንፋሹን እንደወሰደች ያንንም ወሰደች። አንድ ቦታ እየደጋገሙ ሲወጉ ከቆዳው ስር እንደዛ ያብጥና መድኃኒቱ በአግባቡ አይሰራጭም፣ አንዴ ይዘገያል አንዴ ይፈጥናል። መርፌም ለአንድ ጊዜ ነው፣ ዋጋው ግን ቀላል አይደለምና በሴትዮዋ ለመፍረድ አቅም የለኝም። ባለሙያው ይሄን ሲሰማ ራሱን ወቀሰ፣ ቀድሞ ከሴትዮዋ ጋር ሊያየው እንደሚገባ ነገረን፣ ከዛ በኋላ ሁለቱም አብረው ሆዳቸውን እንደ እንጀራ በዓይናቸው ከፋፍለው በየቀኑ ቦታ መቀየር ተማሩ። ምሳሌ የሚሆን ሰው መርጦ ማስቀመጥ ብቻ ሳይሆን ያ ሰው ምን ምን ይዞ እንደሚመጣ ቀድሞ ማየት ያስፈልጋል ለካ።

እማ አሁን ከቁርስ በፊት 14 አሃድ፣ ማታ ደግሞ 8 ትወጋለች፣ ብቻዋን፣ ቡናው እየተቆላ። እጇ መንቀጥቀጡን ከተወ ቆይቷል።

ባለፈው ማክሰኞ አብሬያት ሄድኩ። ከሐይቅ አካባቢ የመጣ አንድ ልጅ ነበር፣ 15 ወይ 16 ዓመት ቢሆነው ነው፣ ስኳር እንዳለበት የተነገረው በዛው ሳምንት ነው፣ ኮፍያውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ከእናቱ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፏል። ባለሙያው እማን በዓይኑ ጠየቃት፣ እሷም ወንበሯን ስባ ልጁ ፊት ቁጭ አለች።

ያደረገችውን ባላየው ሰው ነግሮኝ አላምንም ነበር። መርፌውን አስጠጋችና መለሰችው። ቤት እንዲህ አታደርግም፣ ቤት አንድ ጊዜ ነው። "ልቤ ይመታል ልጄ" አለችው፣ "ጠብቀኝ፣ ትንሽ ልተንፍስ።" ተነፈሰች። እንደገና አስጠጋች፣ ቀስ ብላ፣ ጣቶቿን በደንብ እንዲያይ እጇን ወደ ብርሃኑ ዘወር አድርጋ። ልጁ ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋው። ስትጨርስ አንድም ቃል አልተናገረም፣ እጁን ብቻ ወደ ሲሪንጁ ዘረጋ፣ እማም ባዶውን ሰጠችው፣ ገና መሳብና መልቀቅ ነው።

ኋላ ላይ ታክሲ ስንጠብቅ "እማ፣ ድሮ እኮ ነው የምትፈሪው፣ አሁን ለምን እንደዛ አልሽው?" አልኳት። "አልዋሸሁትም" አለች፣ "ድሮ የነበርኩትን ነው ያሳየሁት። እሱ አሁን ድሮዬ ላይ ነው ያለው።"

አንድ ነገር ግን ረሳሁ። ልጁ ባዶውን ሲሪንጅ ገና ሲይዝ እናትየው ሳይታወቃቸው ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ነበር፣ ነጠላቸውን ነክሰው። እማ ተነስታ ሄዳ አገጫቸውን በሁለት ጣቷ ይዛ ቀስ አድርጋ መለሰቻቸው።

"እህቴ፣ ወደዚህ። እሱ አንቺን ነው የሚያየው።"